ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የተሠሩትን፣ ዛሬም ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ፣ ከእነዚያም መካከል ብዙ የሀገራችን ሰው የሚኖርባቸውን ባለ ጡብ የኪራይ ሕንፃዎች ከውጭ ሆኖ ለተመለከተ ሰው፣ በብዙዎቹ ላይ ከመስኮቱ ግርጌ በግድግዳው የተበሳ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ በቀዳዳውም ውስጥ የብረት ወንፊት ተጋርዶበት የተቀመጠ የአየር ማቀዝቀዣ ይታየዋል። ይህ መሣሪያ ዘመኑን ፈጽሞ ጩኸቱ ከቅዝቃዜው የበለጠ ጊዜ፣ ባለቤቱ በሌላ ሊተካው ያስባል፤ ይህንም ሲያስብ አንድ ፈቃድ ሳይጠሩት ወደ ልቡ ይገባል፤ ይኸውም መለወጡ ካልቀረ ዘንድ አዲሱ ከአሮጌው በኀይል የሚበልጥ ይሁን የሚል ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴና መፍቻ የያዘ ሠራተኛ የሚጨርሱት፣ ፈላስፋም ሆነ መምህረ ሃይማኖት የማይጠየቅበት ተራ ጉዳይ ይመስላል። ዳሩ ግን የሰው ልጅ ስለ ሥጋው ምቾት ያለውን ጥሎ የሚበልጠውን ሊያመጣ በተነሣ ጊዜ ሁሉ፣ ዕቃው ጎተራም ይሁን ቤት፣ ማዕድም ይሁን ነፋስ፣ አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ከኋላው ይከተለዋል፤ ለሥጋ የሚበቃው ምን ያህል ነው? የሚበቃውንስ ለክቶ የሚሰጠው ማን ነው? አርስጣጣሊስ ምግባረ ሠናይ በጉድለትና በትርፍ መካከል የቆመ ነው ብሎ ባስተማረ ጊዜ፣ ያ መካከል ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንና እንደየሰዉ በአስተዋይ አእምሮ ተመርምሮ የሚገኝ መሆኑን አክሎ ተናግሯል። አበው መነኮሳትም በምድረ በዳ እንቅልፋቸውን፣ እንጀራቸውንና ውሃቸውን ሲመጥኑ የደከሙት ለዚሁ ጥያቄ መልስ በመፈለግ ነበር። እኛም ያንኑ ጥያቄ በዚህ የብረት ዕቃ ላይ ብንመረምረው ከክብሩ ዝቅ አላደረግነውም፤ የዘመናችን ሰው ስለ መጠን የሚፈተነው በንጉሥ አዳራሽ ሳይሆን በእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ግዢዎች ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ግድግዳው ነው። ሕንፃው ሲሠራ በጡቡ መካከል የተቀበረው፣ ሠራተኞች ስሊቭ የሚሉት የብረት ማኅደር፣ በብዙ ቤቶች ስፋቱ 26 ኢንች፣ ይኸውም 66 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ወደ ውስጡ የሚገባው መሣሪያ የኀይሉ መጠን ምንም ይሁን ምን ቁመናው ከዚህ ማኅደር ሊያልፍ አይችልም። በዋጋው ተስቦ የመስኮት ማቀዝቀዣ ገዝቶ በዚያ ቀዳዳ የሚያስገባ ሰውም ሥራው አይሰምርለትም፤ የመስኮቱ መሣሪያ በግራና በቀኝ ጎኑ ባሉት ክፍተቶች የውጭ አየር የሚስብ ስለሆነ በብረቱ ተከብቦ ሲቀመጥ ይታፈናል፤ ለግድግዳ ተብሎ የተሠራው ግን በጀርባው ስቦ በጀርባው የሚተነፍስ ነው። የኤሌክትሪኩ መስመርም የራሱ ወሰን አለው፤ እስከ 12,000 ቢቲዩ ያሉት በአብዛኛው በተለመደው 115 ቮልት ሲሠሩ፣ ከዚያ በላይ ያሉት 230 ቮልት፣ የተለየ ሶኬትና ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ወሰን አልፋለሁ የሚል ሰው ጡቡን ማፍረስ፣ ከቀዳዳው በላይ ያለውን ግንብ የተሸከመውን ብረት መነካካት፣ የሕንፃውንም አስተዳደር ፈቃድ መለመን ግድ ይሆንበታል፤ ምክንያቱም ያ ግድግዳ የእርሱ ክፍል ግድግዳ ቢሆንም የላይኛውን ጎረቤት ክብደት የተሸከመው እርሱው ነው። ስለዚህ ገና ከመነሻው አንድ ነገር ይገለጣል፤ ሰው የእኔ ብሎ የሚጠራው ምቾት የሚያርፈው የእርሱ ብቻ ባልሆነ ነገር ላይ ነው።

ከግድግዳው ቀጥሎ ክፍሉ ይጠየቃል። ቢቲዩ የሚባለው መስፈሪያ አንድ ፓውንድ ውሃ በፋሬንሃይት አንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ሲሆን፣ የማቀዝቀዣ ኀይል የሚነገረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል ሙቀት ከክፍሉ ያወጣል እየተባለ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ኢነርጂ ስታር በተባለው መርሐ ግብሩ ለሕዝብ ያቀረበው ሰንጠረዥ፣ ከ300 እስከ 350 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር ያህል ለሆነ ክፍል 8,000 ቢቲዩ ይመድባል፤ ክፍሉ ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ ዐሥር በመቶ እንዲጨመር፣ ጥላ የሚያርፍበት ከሆነ ዐሥር በመቶ እንዲቀነስ፣ ወጥ ቤት ከሆነ 4,000 እንዲታከል ይመክራል፤ ከሁለት ሰው በላይ ዘወትር የሚውልበት ከሆነ ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 እንዲጨመር ያመለክታል። ይህን የቀመሩት መሐንዲሶች ስለ ነፍስ ሊያስተምሩ አላሰቡም፤ ነገር ግን ሕያው ሥጋ ሁሉ ሙቀት የሚያመነጭ ስለሆነ፣ የቤት ልክ የሚታወቀው በቤቱ ያለው ሰው ተቈጥሮ መሆኑን ሳያስቡት መስክረዋል።

የሀገራችንን ሰው ኑሮ ለሚያውቅ ግን ይህ ቈጠራ ቀላል አይደለም። ባልና ሚስት ብቻ የሚኖሩባት ክፍል የማኅበሩ ጽዋ ተራ በደረሰ ዕለት ዐሥራ ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ይቈረሳል፣ ወጡ ይሞቃል፣ ቡናው ይፈላል፤ በዚያች ዕለት በሰንጠረዡ ስሌት ስለ ዐሥሩ እንግዶች ብቻ 6,000 ቢቲዩ መታከል ነበረበት። እንግዲህ ቤት የሚለካው በበዓሉ ቀን ነው ወይስ በአዘቦቱ? በአዘቦቱ ነው ያልን እንደ ሆነ እንግዳን በላብ ማስጠመቃችን ነው፤ በበዓሉ ነው ያልን እንደ ሆነ ደግሞ ስለ አንድ ቀን ብለን ሃያ ዘጠኙን ቀን በማያስፈልገን ኀይል ልንኖር ነው። አባታችን አብርሃም በቀትር ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስቱ እንግዶች በመጡበት ጊዜ፣ በመምሬ ዛፍ ጥላ ሥር አሳረፋቸው፤ ለእግራቸው ውሃ፣ ለረኃባቸውም እንጀራና ጥጃ አቀረበላቸው፤ ድንኳኑን አላሰፋም፣ እግሩን ግን አፈጠነ። በማኅበሩ ዕለት መስኮት ከፍቶ ማራገቢያ የሚያቆም፣ ወጡንም በማለዳ አብስሎ ምድጃውን አስቀድሞ የሚያጠፋ ባለቤት የአብርሃምን መንገድ ተከትሏል ሊባል ይችላል። ይሁን እንጂ ቤቱ ዘወትር ሰው የማይታጣበት፣ አዲስ መጤ ሥራ እስኪያገኝ የሚጠጋበት፣ ልጆች የሚያድጉበት ቤት እንደ ሆነ፣ ያ ብዛት የዕለት ሳይሆን የዘወትር ነውና ትልቁ መሣሪያ በፍርድ ይገባዋል።

ኀይል በጨመረ ቍጥር በጎነቱም ይጨምራል ብሎ ማሰብ ለሰው ልቡና ቀላል ነው፤ የፍጥረት ሥርዐት ግን እንዲህ አይልም። በ8,000 ቢቲዩ ሊቀዘቅዝ በሚችል ክፍል ውስጥ 14,000 የገባ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው በጥቂት ደቂቃ አየሩን አቀዝቅዞ፣ ቴርሞስታቱ በቃ ብሎት ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነሣል፤ እንደገናም ይቆማል። አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ግን በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ጤዛ ሆኖ በውሃ መልክ እስኪወርድ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ መሣሪያው ያን ጊዜ ሳይሰጠው ስለሚቆም፣ በቧንቧው ላይ የቀረው ጤዛ ተመልሶ ይተንና ወደ ክፍሉ ይገባል። በመሆኑም በዋሽንግተን እርጥብ በጋ ትልቁን መሣሪያ የገዛ ሰው ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ቈዳው እየተጣበቀ፣ ያላገኘውን ዕረፍት ፍለጋ መቈጣጠሪያውን ይበልጥ ዝቅ ያደርጋል። መሣሪያው የተወለደበት ታሪክም ይህንኑ ይደግፋል፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለው ወጣት መሐንዲስ በኒውዮርክ ብሩክሊን ለነበረ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ሥራ ሲነድፍ፣ የታሰበው ለሰው ምቾት አልነበረም፤ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ሲሰፋና ሲደርቅ ሲጠብ፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ልክ አልገጥም ስላለ፣ የአየሩን እርጥበት በአንድ መጠን ለማቆም ነበር። የመጠን ጠባቂ ሆኖ የተወለደውን ዕቃ ያለ መጠን ልንሠራበት ስንነሣ እንግዲህ ሥራውን ቢያጓድልብን አያስደንቅም።

መጽሐፍ ቅዱስም ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በኦሪት ዘጸአት መና በወረደ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ በጎሞር እንዲሰፍር ታዘዘ፤ አብዝቶ የሰበሰበው ትርፍ አላገኘበትም፣ አሳንሶ የሰበሰበውም ለጉድለት አልተዳረገም፤ ስለ ነገ ሰግቶ ያሳደረው ግን ተበላሽቶ ጠበቀው። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ እርሻው በብዙ ያፈራለት ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ጎተራ ሊሠራ ባሰበባት ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ይህን ምሳሌ የሚያነብ ሰው ጥፋቱ በጎተራው ትልቅነት ላይ እንደ ሆነ ቢያስብ ይቸኵላል፤ ዮሴፍ በግብፅ የሠራው ጎተራ ከባለጠጋው ጎተራ እጅግ የበለጠ ነበርና፣ እርሱ ግን በዚያ ሕዝብን ከረኃብ አዳነበት፣ ተመሰገነበትም። ልዩነቱ በሁለቱ ሰዎች አሳብ ውስጥ ነው፤ ባለጠጋው በምክሩ ሁሉ የሚያነጋግረው የገዛ ነፍሱን ብቻ ነው፣ ጎረቤትም ድኻም በንግግሩ መካከል አይገባም፤ ዮሴፍ ግን ጎተራውን የሞላው የሚበሉትን አፎች አስቦ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ትልቅን የሚያስነቅፈው ሲለካ ማን እንደ ተቈጠረና ማን እንደ ተዘነጋ መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ግን፣ እንግዲህ በላብ መንከር ጽድቅ ነውን? ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ መልሱም ከቶ አይደለም የሚል ነው። በ1995 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ ወር ቺካጎን በመታው የሙቀት ማዕበል ከ700 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። እንዲህ ላለ ሰው ማቀዝቀዣ የቅንጦት ዕቃ ሊባል አይገባውም፤ መድኃኒት ነው። ልጇን ለመጠየቅ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥታ፣ የሌሊቱ ብርድ ጋቢ የሚያስደርብበትን አየር ትታ፣ ሌሊቱን እንኳ ወደማይበርድበት የአሜሪካ በጋ የገባች፣ የልብ ሕመምም ያለባት እናት በዚያች ክፍል ውስጥ ብትኖር፣ ልጇ ስለ ተአቅቦ እያሰበ ደካማ መሣሪያ ቢያኖርላት፣ ተአቅቦው በእናቱ ሥጋ ላይ የተጣለ ጭካኔ ይሆናል። ሌላውን ሰው ማስጾም ጾም አይባልም። ቤተ ክርስቲያናችንም ጾምን አጥብቃ ስታዝዝ ለሕመምተኛና ለአራስ ታዝናለች፤ የንስሐ አባትም ቀኖና ሲሰጥ የተነሳሒውን ዕድሜ፣ ጤናና ዐቅም አይቶ ለአንዱ ብዙ ስግደት፣ ለሌላው ጥቂት፣ ለደካማው ጸሎት ብቻ ያዝዛል። ቀኖናው አንድ ወጥ አለመሆኑ የሕጉን ድካም አያሳይም፤ ልክ ማለት የሰውዬውን ማንነት ሳያውቁ የሚቈርጡት ቍጥር አለመሆኑን ያሳያል እንጂ። ለክፍሉ የሚበቃው መሣሪያ የሚታወቀውም እንደዚሁ በውስጡ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው።

እስካሁን የመረመርነው ሁሉ ግን ከግድግዳው ወዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ የነገሩ ጥልቀት ያለው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ቅዝቃዜን ማንም አይፈጥርም። በቧንቧው የሚዞረው ፈሳሽ በውስጥ በኩል ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል፤ ኮምፕረሰሩ ጨምቆት በውጭ በኩል ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን የጠጣውን ይተፋል፤ ስለዚህ መሣሪያው የአንዱን ሸክም አንሥቶ በሌላው ደጃፍ የሚያራግፍ ተሸካሚ ነው፤ ለድካሙ የሚበላው ኤሌክትሪክም ራሱ ሙቀት ሆኖ አብሮ ይወጣል። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ከክፍሉ የሚያወጣና 1,200 ዋት የሚፈጅ መሣሪያ ቢኖር፣ 1,200 ዋት በሰዓት ከ4,000 ቢቲዩ ጥቂት የሚበልጥ ሙቀት ስለሚሆን፣ በጀርባው የሚወጣው ከ16,000 ያልፋል። በውስጥ ያረፈው ሰው 12,000 ተቀነሰልኝ ሲል፣ በውጭ ያለው 16,000 ተጨመረብኝ ቢል ሐሰት አልተናገረም። እርግጥ ነው፣ ክፍሉም የተፈለገውም ቅዝቃዜ ያው ከሆነ፣ ትልቁ መሣሪያ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ በቀኑ ድምር የሚያወጣው ሙቀት ከትንሹ ብዙ ላይለይ ይችላል። ነገር ግን ኀይል በእጁ የገባለት ሰው ፈቃዱ በቀድሞው ቦታ አይቆምም፤ 26 ዲግሪ ይበቃው የነበረው 20 ያሰኘዋል፣ በመኝታ ሰዓት ብቻ ይከፍት የነበረው ከቤት ሲወጣም ክፍት ይተወዋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ጄቮንስ በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የእንፋሎት ሞተር ከሰል መቈጠብ በተማረ መጠን የሀገሩ የከሰል ፍጆታ እንደሚበዛ ያስረዳው ይህንኑ የሰው ጠባይ ተመልክቶ ነው።

ይህን የውስጥና የውጭ ነገር ሳስብ የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ከልቡናዬ አይወጣም። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለናቡከደነፆር ምስል አንሰግድም ብለው ወደ እቶን በተጣሉ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቈጥራ በያዘችው በጸሎተ ሠለስቱ ደቂቅ እንደ ተተረከው፣ ነበልባሉ ከእቶኑ በላይ 49 ክንድ ተንበልብሎ በዙሪያው ያገኛቸውን ከለዳውያን አቃጠለ፤ መልአኩም ወርዶ እሳቱን ከእቶኑ ወደ ውጭ ገፋው፣ መካከሉንም ጠል እንዳዘለ ነፋስ አደረገው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቍልቢ ገብርኤል የሚተመው ምእመን የሚያስበው ይህን መታደግ ነው። በትረካው ውስጥ እሳቱ ከመካከል ተገፍቶ ወጣ እንጂ በዚያው ከሰመ አልተባለም፤ በውስጥ ጠል ሲወርድ በውጭ ነበልባል ነበረ። ነገር ግን በተአምሩ እሳቱ ያረፈው ዝፍትና ጭራሮ እየጨመሩ ሲያነዱት በነበሩት ላይ ነው፤ ያነደደው ያነደደውን ቀመሰ፤ ፍርዱም የቀና ነበር። በእኛ መሣሪያ ግን ከክፍሉ ተገፍቶ የሚወጣው ሙቀት የሚያርፈው ባላነደዱት ላይ ነው፤ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ዐቅም በሌለው የላይኛው ፎቅ ነዋሪ፣ በፀሐይ አውቶቡስ በሚጠብቀው መንገደኛ፣ ጣራ በሚደፍነውና አስፋልት በሚያነጥፈው ሠራተኛ ላይ። ተአምሩና መሣሪያው በመልክ ተመሳስለው በፍትሕ የሚለያዩት በዚህ ነው።

ይህ የቃላት ማጋነን እንዳይመስል፣ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በፊኒክስ ከተማ ማቀዝቀዣዎች የሚተፉት ሙቀት የሌሊቱን አየር በአንዳንድ ሰፈሮች ከአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚያሞቀው አሳይተዋል። ወሰኑም የአንድ ከተማ ሰማይ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ድርጅት በ2018 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በምድር እጅግ ሞቃት ስፍራዎች ይኖሩ ከነበሩት 2.8 ቢሊዮን ሰዎች መካከል ማቀዝቀዣ የነበራቸው ስምንት በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ግን ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው ቤት ነበረው፤ ከሰልና ጋዝ ተቃጥሎ በሚገኝ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የአንዱ ቅዝቃዜ የሁሉን አየር ሲያሞቅ፣ ዕዳውን ከፋዩ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠቀመው ነው። በመሣሪያው ቧንቧ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። የቀድሞዎቹ ማቀዝቀዣዎች አሞኒያንና ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የመሰሉ መርዘኛ ጋዞች ይጠቀሙ ስለነበር፣ ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ በ1920ዎቹ መጨረሻ የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ ባገኙ ጊዜ ቤተ ሰብ ሁሉ ዐረፈ፤ ለክፍሉ ንጹሕ የሆነው ያ ጋዝ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያሳሳ ሞሊናና ሮውላንድ በ1974 አስረዱ፤ በ1985ም በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ሽፋኑ መሳሳቱ ተገለጠ። መንግሥታት በ1987 በሞንትሪያል ተስማምተው ያን ጋዝ ሲያስቀሩ፣ የተተካው ደግሞ ምድርን የሚያሞቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ በ2016 በአፍሪካ ምድር በኪጋሊ እንደገና ተሰብስበው እርሱን ለመቀነስ ቃል ተገባቡ። ከዚያ ሁሉ ውጣ ውረድ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ለውስጥ ብቻ ተመርምሮ መልካም የተባለው ሁሉ በውጭ ሲመረመር ብያኔው ሊለወጥ ይችላል።

ነቢዩ ዮናስ ከነነዌ ወጥቶ በስተምሥራቅ ዳስ ሠርቶ በተቀመጠ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ቅል አብቅሎ በራሱ ላይ ጥላ አደረገለት፤ ዮናስም በጥላው እጅግ ደስ አለው። በማግሥቱ ትል ቅሏን በመታት፣ ትኩስ የምሥራቅ ነፋስና ፀሐይም ራሱን ባቃጠሉት ጊዜ፣ ነቢዩ ሞትን ተመኘ። ከዚህ በኋላ የሆነውን እያስተዋልን ብናነበው፣ ዮናስ በጥላ በመደሰቱ አልተወቀሰም፤ ጥላውን የሰጠው ራሱ ፈጣሪ ነውና የሥጋ ዕረፍት በራሱ ርኩስ አይደለም። የተወቀሰው ስለ አንዲት ቅል እያዘነ፣ በፊቱ ተዘርግታ ስላለችው፣ ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ስላሉባት ከተማ አለማዘኑ ነው። በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን የምንጾም ሰዎች የከተማዪቱን ንስሐ ስናስብ የነቢዩንም ወቀሳ ልናስብ ይገባናል፤ ጥላው ሲጠፋበት የሚጮኽ፣ ከጥላው ውጭ ያለው ሲቃጠል የማይሰማው ልብ ከእርሱ ጋር አልቀረምና።

እንግዲህ ሰው ምን ያድርግ? ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ከዚያ የወደቀ ሰው ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዝዛል። ሕጉ ቤት መሥራትን አልከለከለም፣ በማታ ወደ ሰገነት ወጥቶ ነፋስ መቀበልንም አልነቀፈም፤ የባለቤቱ ኀላፊነት ግን ከምቾቱ ጫፍ አልፎ እንደሚሄድ ደነገገ። በዚህ መንፈስ ማቀዝቀዣውን የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ የመስኮቱን ክፍተት ይድፈን፣ መጋረጃ ይስቀል፣ ፀሐይን ከደጅ ይመልስ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉን ይለካ፣ ነዋሪዎቹን ከነድካማቸው ይቍጠር። ከአዳዲሶቹ መካከል ኢንቨርተር የተባለውን ዓይነት ማኅደሩ የሚቀበል ቢሆን፣ እንደ አስፈላጊነቱ ኀይሉን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ለበዓሉም ለአዘቦቱም በመጠን ይሠራለታል፤ ታላቅ ዐቅምና ራስን መግዛት በአንድ አካል ሊያድሩ እንደሚችሉም ያሳያል። የሚንጠባጠበው ውሃ በታችኛው ጎረቤት መስኮት ላይ እንዳይወርድ ይጠንቀቅ፤ በአሮጌው ሆድ ያለው ጋዝ አር-22 የተባለው ቢሆን፣ የአሜሪካ ሕግም ወደ አየር መልቀቅን የከለከለው ስለሆነ፣ በባለሙያ እንዲቀዳ ያድርግ እንጂ መሣሪያውን በመንገድ ዳር አይጣል።

ይህን ሁሉ አድርጎ፣ ሁሉንም ወገን ቈጥሮ፣ የሚበልጠው መሣሪያ ያስፈልገኛል ብሎ የተረዳ ሰው ያለ ጸጸት ይግዛው፣ በፊቱም አምላኩን አመስግኖ ይረፍበት፤ አያስፈልገኝም ብሎ የተረዳም የሚበቃውን ገዝቶ በትንሽነቱ አይመጻደቅበት። ትልቁን መሣሪያ መያዝ በራሱ ኀጢአት፣ ትንሹን መያዝም በራሱ ጽድቅ ሊሆን አይችልም፤ ሕሊና የሚጠየቅበት በደል፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው እንደሌለ አድርጎ መለካት ነው።